ባር ባር የሚለው የትኛው ሆድ ነው

እኔ ስናገር ሰው ወሬ ይመስለዋል። ወሬ አይደለም። ያን ረጅም ፎቅ አይታችሁታል አይደል፣ መስታወቱ ፀሐይ ሲመታው ዓይን የሚያጠፋውን? እሱን ያቆምነው እኔና የእህቴ ልጅ ነን። ሌላም ሰው ነበረ፣ አልክድም። ግን ያ ሁሉ ፌሮ፣ ያ ሁሉ አርማታ ከመሬት ተነስቶ ሰማይ የደረሰው በእኛ በሁለታችን ነው። እኔ ከታች ጭነቱን አስርና በሬዲዮ «ሳቢ» እላለሁ፤ እሷ ክሬኑ ላይ ተቀምጣ ትስባለች። በዕድሜዬ እኔ ያሰርኩት ጭነት ተፈቶ ወድቆ አያውቅም። የጫማዬን ክር ማሰር አልወድም፣ ዛሬም ሲጎተት ነው የምታገኙኝ። ጭነት ግን እኔ ካሰርኩት ፈቺው ራሱ ይቸገራል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ነው። የዛሬው ስለ ልጅቷ ነው።

ልጅቷ ስላችሁ ልጅ እንዳትመስላችሁ። ሠላሳውን አልፋለች። እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ጆሮዬን ስትጎትት ስለማውቃት ነው ልጅቷ የምላት። ሠራተኛው «የላይኛዋ» ይላታል። ሥራውን የጀመረችው ሲሚንቶ ተሸክማ ነው፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት። በኋላ የድሮው የክሬን ሠራተኛ ወገቡን ሲያመው፣ ምሳ ላድርስለት እያለች ትወጣና ከጎኑ ቆማ እጁን ታይ ነበር። አንድ ቀን ተፈትና ፈቃዷን ይዛ መጣች። ያን ጊዜ አንድ ግንበኛ፣ አፉ የማያርፍ፣ «እሷ እዛ ላይ ሆና ስታለቅስ ማን ሊያወርዳት ነው?» አለ። በነጋታው የብሎኬቱን ጭነት አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት፤ ቀስ አድርጋ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ጫማውን አቧራ እንኳ አልነካውም። ከዚያ በኋላ ስለ ማልቀስ ያነሳ የለም።

ክሬን ላይ መውጣት ደግሞ ፎቅ መውጣት አይደለም። ረጅም የብረት ምሰሶ ነው፣ መሰላሉ በውስጡ ነው የሚሄደው። በመሃል በመሃል ትንንሽ የብረት ወለሎች አሉ፣ ማረፊያ ይባላሉ። ከላይ ስትደርሱ የመቀመጫዋ ክፍል ወለሉ ላይ ጠባብ መዝጊያ አለው፣ እሱን ወደ ላይ ገፍታችሁ ነው በዚያ ቀዳዳ የምትገቡት። ጠዋት የወጣ ማታ ነው የሚወርደው። ሽንቷንስ ብላችሁ ልትጠይቁኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አያገባችሁም።

ለምግቧ ባልዲ አለ። ረጅም ገመድ አስሬ፣ በትንሽ ፑሊ አድርጌ፣ እሷ ከላይ እንድትስበው ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ወዲህ ሌላ ሳይት ላይ ሁሉ ሲሠሩት አየሁ፤ ከማን እንዳዩት ግን አይናገሩም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ሥራው የቀዘቀዘ ጊዜ ነው። ባለቤቱና ሲሚንቶ አቅራቢው ተጣሉ ተባለ፣ ሲሚንቶ ቀረ። እኛ ከታች ያለነው እንጨት ላይ ጋደም እንላለን፣ ካርታ እንጫወታለን፣ እንሳደባለን፣ ቀኑ ይሄዳል። እሷ ግን መኪናው በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ይችላል ተብሎ እዛው ላይ ነው የምትውለው። ከወንበር ሌላ ምንም የሌለበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከሰማይ ጋር ተፋጣ። መጀመሪያ ሰሞን ዝም አለች። ከዚያ ሬዲዮው ይጮህ ጀመር።

«አጎቴ።»

«ወዬ።»

«ሆዴን ባር ባር አለኝ።»

ካንቲን የያዘችው ሴትዮ ከአጠገቤ ናት። ደግ ሴት ናት፣ ልጅ አልወለደችም፣ ሳይቱን በሙሉ እሷ የወለደችው ነው የሚመስላት። ሆድ የሚል ቃል ጆሮዋ ከገባ እጇ ዳቦ ሳያነሳ አይመለስም። «እኔ ልሙትላት፣ ርቧት ነዋ» ትልና ባልዲው ውስጥ ዳቦ በማርማላታ። አናጢው ያይና «ብቻዋን ናት እኮ» ብሎ ሙዝ ይጨምራል። አንዱ ለውዝ፣ አንዱ ብስኩት። ባልዲው ሲወጣ ገመዱ ሲጢጥ ሲጢጥ ይል ነበር። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አጎቴ፣ አሁንም ባር ባር አለኝ።» አሁንም ባልዲ።

ክረምቱ ሲወጣ ልጅቷ ሞልታለች። እኔ ወፍራም ሴት አያስደነግጠኝም፤ የሞተችው ባለቤቴ በር ላይ ስትቆም ቤቱ ይጨልም ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሷ ራሷ ደስ አላላትም። «አጎቴ፣ ጠግቤም እጄ አያርፍም» ትለኛለች። «ብስኩቱ ሲያልቅ ወረቀቱን አጥፌ አጥፌ፣ እሱ ደግሞ ሲያልቅብኝ ባልዲውን አወርዳለሁ።» የወንዶቹን አፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«የላይኛዋ፣ ክሬኑ ወደ አንድ ጎን አጋደለ እኮ።»

«ያጋደለው አንገትህ ነው፣ ወደ ላይ ማየቱን ተውና ይቃናል።»

ፎርማኑ በሬዲዮ ገብቶ፣ ሲሚንቶው መቼ ይመጣል ብላ ስትጨቀጭቀው፣ «ትንሽ ሆደ ሰፊ ሁኚ እንጂ» አላት።

«ሆኛለሁ እኮ አለቃ፣ ጠዋት ስወጣ አላየኸኝም?»

ሳይቱ በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን እንደዚያ ስትመልስ ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ እየሳቀች አልነበረም።

አንድ ቀን ማታ ልትወርድ ስትል መዝጊያው ላይ ያዛት። እግሯ መሰላሉ ላይ ነው፣ ወገቧ ላይ የታሰረው የደህንነት ቀበቶ ከመዝጊያው ጠርዝ ጋር ተያዘ፣ እሷም ሞልታለች። ብዙ አልቆየችም፣ ተጣምማ ወጣች። ግን ከታች ሰው አይቷል፣ ፎርማኑም አይቷል። መሬት ስትደርስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነበር የጠበቃት።

«እህቴ፣ ይኼ ነገር አያዋጣም። ወሩ ሲያልቅ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሥራ ደህንነት የሚቆጣጠር ሰው ይመጣል። ፊቱ ትወጫለሽ። ሳትቆሚ፣ ሳትያዢ። ካልቻልሽ ስቶር ገብተሽ ጓንት ታድያለሽ። ወንበሩን የሚይዝ ሰው አለኝ።»

ሰው አለኝ ያለው የሚስቱን ወንድም ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ፈቃድ ያለው ልጅ፤ ጠዋት ጠዋት አዲስ ቆብ አድርጎ እየመጣ ክሬኑን ከታች ሆኖ ያያል።

«ስቶር?» አለችው። «ከዚህ ክሬን እኔን የሚያወርደኝ አልተወለደም። እወጣለሁ፣ እወርዳለሁም፣ በራሴ እግር።»

«እናያለን።»

«እይ።»

ይኼን ብላ ሄደች። እኔ ግን አብሬያት ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ያ ወንበር ለሷ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። የተሸከመችውን ሲሚንቶ ጠይቁ።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሰማች። ታላቅ እህቷ ትዕዛዝ የምትወድ ሴት ናት፣ ባሏ ሲያስነጥስ እንኳ አይቷት ነው። የምግቡን ቁም ሣጥን ቆለፈች፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ጠዋት ትኩስ ውሃ በሎሚ፣ ቀን የተቀቀለ ጎመን፣ ማታ ሌላ የተቀቀለ ጎመን። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ዋጪ አለቻት፤ ያን ሰሞን ሬዲዮው ራሱ የሸተተኝ መሰለኝ። ሌላዋ በትንሽ ሳህን ብዪ አለቻት። ልጅቷም በትንሽ ሳህን ደጋግማ በላች። ጎመኑን ቤት በልታ፣ ክሬኑ ላይ ወጥታ አንድ ሙሉ ዳቦ ትጨርሳለች። «እህቴ ስትቆልፍብኝ ቁልፉ ራሱ ያምረኛል» አለችኝ። ሰው ሲከለክላት ይብስባት ነበር።

ከዚያ ሲሚንቶው መጣ። አንድ ሙሉ ሶሌታ ባንድ ቀን ይሞላል ተባለ። ሶሌታ ማለት የፎቁ ወለል ነው፤ አርማታ ማፍሰስ ከተጀመረ መሃል ላይ ማቆም የለም። ከጠዋት ጀምሮ ስንስብ ዋልን። እኔ ድምፄ ጠፋ፣ እሷ ከላይ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፤ መንጠቆዋ እንደ ሰው ጣት ይሄድ ነበር። የዚያን ቀን ያሠራሁት ሥራ ሌላ ቦታ ቢሆን ሐውልት ያቆሙልኝ ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አየሁ፤ ባልዲው እንደተሞላ መሬት ላይ ነው። ማንም አልሳበውም። ዳቦው ላይ ዝንብ ወጥቶበታል።

«አንቺ፣ አልበላሽም እኮ።»

«ምኑን?»

«ምሳሽን ነዋ።»

«ረሳሁት» አለች፣ ራሷም ያላመነችው ይመስል።

በነጋታው አርማታው እስኪደርቅ ሥራ የለም። ገና ሻይ ሳንጠጣ ሬዲዮው ጮኸ።

«አጎቴ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ።»

የካንቲኗ ሴትዮ ቢላዋዋን አንስታለች።

«ቆይ» አለች ልጅቷ። «ዳቦ አትላኩ። አጎቴ፣ ትናንት ስስብ ውዬ ያልራበኝ ሰው፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ምን አርጌ ነው የሚርበኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። አንዳንዴ...»

«እህቴ የሞተ ዘመድ ስታስታውስ ምንድነው የምትለው?»

«ሆድ ባሰኝ ትላለች።»

«ዳቦ ሰጥተሃት ታውቃለህ?»

«አብደሻል እንዴ? ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ።»

«አንተስ ከጓደኛህ ጋር የሆድ የሆዳችሁን ስታወሩ፣ ሆዳችሁ ውስጥ ስላለው ጎመን ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እንዲያውም ከእሷ በፊት ገብቶኝ ነበር፣ እስክትናገር ጠብቄ ነው እንጂ። ይኼ የእኛ አነጋገር ነው ጉድ የሠራን። ፍርሃቱም ሆድ፣ ናፍቆቱም ሆድ፣ ምስጢሩም ሆድ፣ ቂሙም ሆድ፣ እንጀራውም ሆድ። ለሁሉም አንድ ስም ሰጠነው፣ ከዚያ ማን ይለየው። ልጅቷ ብቸኝነት ሲበላት ሆዴን ትላለች፤ እኛ ሆድ ስንሰማ ዳቦ እንልካለን፤ እሷም ዳቦ ሲመጣ ለካ ርቦኝ ነው ትላለች። ባር ባር ያለው አንዱ ሆድ፣ የምንሞላው ሌላውን። ቢሞላ ቢሞላ እንዴት ይጥገብ።

«ታዲያ ምን ልላክልሽ?» አልኳት።

«ምንም። አውራኝ።»

አወራኋት። ማውራት ደግሞ ማን ይችለኛል። ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ጥቁር ሱፍ ለባሹ ሰውዬ፣ ድሮ አንዲት በቅሎ አስሬ ስለረሳኋት። ሬዲዮ የያዘ ሁሉ እየሰማ ይስቃል። ፎርማኑ ገባበት።

«ይኼ መስመር የሥራ ነው። ፋዘር፣ አንተም አርፈህ ተቀመጥ።»

«አለቃ፣ ሥራ ላክልኝና ዝም እላለሁ» አለችው ከላይ።

ሬዲዮዬን ከለከለኝ፤ ሥራ ሲኖር ብቻ ይሰጠኝ ጀመር። በዚህ የሚያሸንፋት መስሎት ነበር። በነጋታው ባልዲውን ስታወርደው ውስጡ ቁራጭ ካርቶን ነበረ፣ አናጢው ጮክ ብሎ አነበበልን፦ የሚያዝንልኝ ሰው ለእጄ ሥራ ይላክልኝ፤ የሚበላ የላከ ይመለስበታል።

ፌሮ አሳሪው የማሰሪያ ሽቦና ፒንሳ ላከ። አናጢው ለስላሳ እንጨት ከቢላዋ ጋር። የካንቲኗ ሴትዮ ከሽቦው ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ዳቦ ደበቀች። ዳቦው ተመልሶ ወረደ። ሴትዮዋ አኮረፈች። «ዳቦዬ ምን አረጋት? እኔ መርዝ ነው የምልከው?» ብላ ሁለት ቀን ሻዬን ያለ ስኳር ሰጠችኝ፣ እኔን ምን አድርግ ብላ እንደሆነ እንጃ። በሦስተኛው ቀን ባልዲው የሲኒ መደርደሪያ ይዞ ወረደ፣ ከሽቦ የተሠራ፣ ወልገድ ያለ፣ አንድ እግሩ ያጠረ። ማኩረፉን አልቻለችም፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ግን ዛሬም ብትጠይቋት፣ ርቧት ነበር ነው የምትላችሁ።

አሁን ከዚህ በኋላ ልጅቷ እንደ መርፌ ቀጠነች ልላችሁ ብችል ጥሩ ወሬ ይሆን ነበር። አልቀጠነችም። ትንሽ ቀንሳ ይሆናል፣ እኔ ሚዛን አይደለሁም። ምሳዋን በሰዓቷ ትበላለች፣ ደህና አርጋ። ሲያምራት ደግሞ ያምራታል። አንድ ቀን ነፋስ ተነሳ። ነፋስ ሲበረታ ክሬን አይሠራም፣ ፈትተው ይለቁታል፣ እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እያየ ይዞራል፤ መሰላሉም አደገኛ ስለሆነ ሠራተኛው እዛው ነው የሚቆየው። ያን ቀን ለክፉ ቀን ብላ ከወንበሩ ሥር የሸጎጠችውን ብስኩት ሁሉ በላችው። ማታ ስትወርድ ፊቷን ሳየው፣

«ምነው?» አልኳት።

«በላሁ።»

«ምን በላሽ?»

«የነበረውን።»

ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን ፈልጌ ነበር። አፍንጫዬን የጠረግኩበት ስለነበረ ተውኩት።

«እና ምን ይሁን?» አለችኝ። «በላሁ። ስለበላሁ ተሸነፍኩ ያለ አለ? ለዚያ ቀጭን ልጅ ወንበሬን አልሰጥም። ነገም ሽቦዬን ይዤ እወጣለሁ።» ደግሞ ወጣች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የደህንነት ሰው ተብሎ የመጣው አጭር፣ ዝምተኛ፣ እስክሪብቶ የሚያኝክ ሰው ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጥቷል። ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ ነው። የሚስቱ ወንድም አዲሱን ቆብ አድርጎ አጠገቤ ቆሟል። ልጅቷ ቀበቶዋን አሰረች፣ ማንንም አላየችም፣ መሰላሉን ያዘች።

ወጣች። መጀመሪያው ማረፊያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ክርኗን ብረቱ ላይ አስደግፋ ከተማውን ታያለች፣ ሰው ሊጎበኝ የመጣ ይመስል።

«ቆመች» አለ ፎርማኑ። «አየሃት አይደል፣ ቆመች። ጻፈው።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣ። «የቆመችበት ምን ይባላል?»

«የቱ?»

«ያ ወለል።»

«ማረፊያ።»

«እንግዲያ አረፈቻ» አለና እስክሪብቶውን መልሶ አኘከ።

እያንዳንዱ ማረፊያ ላይ ቆመች። ሆን ብላ ነው፣ አውቃታለሁ፤ ላብ ስላጠመቃትም ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። እንደዚያ እያለች ትንሽ ሆና ታየች። የፎርማኑ ዘመድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ፋዘር፣ እዛ ላይ ብቻህን ስትውል ምን ይሠራል?»

«ትበላለህ» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ ደግሞ ትበላለህ። መውረድ የለም። ነፋስ ሲመጣ ይዞራል፣ አንተም አብረህ ትዞራለህ።»

ወደ ላይ አየ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ትንሽ ቆይቶ አጠገቤ አልነበረም።

መዝጊያው ሥር ደረሰች። ሁሉም ሰው አንገቱን ሰቅሎ ዝም አለ፣ ያ አፉ የማያርፈው ግንበኛ ሳይቀር። የካንቲኗ ሴትዮ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን አስገባችው። ልጅቷ ቦርሳዋን አውልቃ መጀመሪያ አስገባች። ከዚያ ሁለት እጇን፣ ከዚያ አንድ ትከሻዋን በጎን። ወገቧ ላይ ቆም አለች። የሴትዮዋ ጥፍር ሥጋዬ ጋ ደረሰ። እግሯ አንዴ ተፍጨረጨረ፣ ከዚያ አንዱ ጠፋ፣ ከዚያ ሌላው ጠፋ፣ መዝጊያው ጓ ብሎ ተዘጋ።

የደህንነት ሰውዬው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገ፣ «ሌላ የሚወጣ አለ ተብሏል፣ የታለ?» አለ። ፎርማኑ ዞር ብሎ ፈለገው። የለም።

ሬዲዮው ጮኸ።

«ደርሻለሁ።»

«እሺ» አለ ፎርማኑ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ጥሩ ነው። የፌሮውን ጥቅል አንሺ፣ ሰው ሥራ ፈቶ ቆሟል።»

«ቆይ አለቃ። ልተንፍስ።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትተነፍሺው?»

«እስከሚበቃኝ» አለችና ሬዲዮውን ዘጋችው።

እኔ ጥቅሉን አስሬ ጨርሻለሁ። ፎርማኑ ሰዓቱን ያያል፣ እኛን ያያል፣ ወደ ላይ ያያል። ቆመን ጠበቅናት።